የአባዬ ኮርኒስ

አባዬ በሁለት ነገር ይኮራ ነበር፤ በእኔና በኮርኒሱ። የትኛችን እንደምንቀድም ጠይቄው አላውቅም፤ መልሱን ስለምፈራ።

ካዛንቺስ ውስጥ የጎረቤቶቻችን ኮርኒስ አቡጀዲ በነበረበት ዘመን፣ አይጥ ሲሮጥበት ወዲህና ወዲያ የሚነቃነቀው ጨርቅ ማለቴ ነው፣ አባዬ ከመሥሪያ ቤቱ ግምጃ ቤት የተረፈ የአስቤስቶስ ቦርድ አስፈቅዶ አመጣና በገዛ እጁ መታው። "ይኼን እሳት አይበላው፣ አይጥ አይበላው" ይል ነበር እንግዳ በመጣ ቁጥር። የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ፣ እንባባላለን እኔና እማዬ በሹክሹክታ።

በየዓመቱ በሕማማት ሳምንት እማዬ ስግደት ላይ ስትውል፣ ቤቱን ለፋሲካ የምናሰናዳው አባዬና እኔ ነበርን። እሱ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ኮርኒሱን በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። አሮጌው ቀለም ሳይለቅ አዲስ መቀባት ለእሱ ሳይታጠቡ አዲስ ልብስ መልበስ ነው። እኔ ከታች ጠረጴዛውን እይዛለሁ። ነጩ ዱቄት ፀጉሬ ላይ ሲወርድ "አንቺ ልጅ፣ ሸበትሽ እኮ" እያለ ያስቀኛል። ከዚያ ዱቄቱን እጠርጋለሁ። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ እስካገባ ድረስ እንደዚያ ነበር።

በ1999 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ እንደ ወጉ እናቴ ቤት ታረስኩ። ወንድ ስለሆነ ክርስትናው በአርባ ቀኑ ነው፤ ያኔ ዘመድ አዝማድ ይመጣል። አባዬ ገና በሃያኛው ቀን ብርጭቆ ወረቀት ገዝቶ ገባ። እኔና ሕፃኑ የተኛንበትን ክፍል ሳይቀር ሊፍቅ ነው።

በዚያው ሳምንት የሥራ ባልደረባዬ ዮአብ አራስ ጥየቃ መጣ። የሕንፃ መሐንዲስ ነው። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" አለኝ፣ ልጁን አንዴ አየና ዓይኑን ኮርኒሱ ላይ ተከለ። አባዬ ደስ አለው።

"አየኸው? ሃያ አምስት ዓመቱ ነው።"

"በጣም ንጹሕ ሥራ ነው፣ ጋሼ። ማለቴ... ቦርዱ ምንድን ነው?"

"አስቤስቶስ ነዋ። ግምጃ ቤት ሳለሁ ስሙን መዝገብ ላይ በእጄ ጽፌዋለሁ።"

ዮአብ ሻዩን አስቀመጠ። ሽማግሌ እንዳይከፋበት እየተጠነቀቀ ቀስ ብሎ አስረዳ። ቦርዱ ካልተሰበረና ካልተነካካ ቁጭ ባለበት ብዙ አያሰጋም። ክፉው ሲፋቅ፣ ሲበሳና ሲሰበር የሚወጣው አቧራ ነው። ዓይን የማያየው ደቃቅ ክር ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ በሽታው ከሃያ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሊመጣ ይችላል።

"በቃ ጋሼ፣ አይፋቁት። ከነአሮጌው ቀለም ደርበው ይቀቡት። መብራት ሠራተኛ ሲመጣም እንዳይበሳው ይንገሩት። ላንሳው ካሉ ደግሞ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይፈልጉ።"

አባዬ እስኪሸኘው ድረስ ታገሠ። ተመልሶ ሲገባ ግን ፊቱ ቀልቶ ነበር።

"ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። እዚህ ቤት ማን ታመመ? ዘመድ ሲመጣ የተላላጠ ኮርኒስ ሥር ላስቀምጠው?"

"ዘመድ የሚመጣው ልጁን ለማየት ነው" አልኩት። "ነገ ጠረጴዛው ላይ ከወጣህ ልጄን ይዤ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።"

አራስ ከአባቷ ቤት ተጣልታ ወጣች ቢባል ሰፈሩ የሚያወራውን ያውቃል። ቁጡነቴን ደግሞ ከማን እንደወረስኩት ያውቃል። ብርጭቆ ወረቀቱን አንሥቶ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ልጄን ሳጠባ፣ ብርጭቆ ወረቀቱን እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ። የምለውን አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ኮርኒሱን አላየም፤ እኔን ነበር የሚያየው።

"ልደትዬ፣ ያንን ዱቄት ትጠርጊ የነበርሽው አንቺ ነሽ አይደል?"

ተናድጄበት እንኳ ይህን እንዲያስብ አልፈለግሁም ነበር።

"ውሃ አርከፍክፌ ነበር የምጠርገው፣ አባዬ።"

ውሸቴን ነው። ወለሉ ጣውላ ስለሆነ ውሃ እንዳላስነካው የከለከለኝ ራሱ ነው። ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

ኮርኒሱን በእርጥብ ጨርቅ በእርጋታ አበሰው፤ በተላላጠው አሮጌ ቀለም ላይ ደርቦ ቀባው። አላማረም። የክርስትናው ዕለት አክስቴ አሰፋሽ ቀና ብላ "ተኽላይ፣ ዘንድሮ ኮርኒስህን ምን ነካው?" አለችው አባዬን። "ልጁን እይ" አላት።

አሁን ልጄ አምስት ዓመት ሞላው። ኮርኒሱም አለ፣ የሚነካው የለም። እኔም ሐኪም ዘንድ ሄጄ ተመርምሬያለሁ፤ ደህና ነሽ ብለውኛል፣ ውጤቱንም ለአባዬ አሳይቼዋለሁ። ግን እነሱ ቤት ተቀምጬ ጉንፋን ይዞኝ ከሳልኩ፣ አባዬ የሬዲዮኑን ድምፅ ይቀንስና ሳሉ እስኪያልቅልኝ ይጠብቃል።