ቀድሞ የሚሰማ ሳቅ

«እማዬ፣ ዛሬም አትወርጂም?» አለች ሎርና፣ የሩዝ ገንፎውን ሳህን ከእናቷ አልጋ አጠገብ እያስቀመጠች።

«ይሄን ደረጃ? በዚህ እግሬ? ከአባትሽ ጎን ሁለተኛ ሳጥን እንደርድር ካላችሁ እሺ።»

«እነ ጋሽ ዶሚንግ በወንበር ተሸክመው ያወርዱሻል እኮ። ሰዉ ሁሉ እየጠየቀ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ የባሏን ፊት አላየችም እያሉ...»

«ይበሉ! መሸከም ካማራቸው ቅዳሜ ሬሳውን ይሸከማሉ። እኔ ገና አልሞትኩም።»

ሎርና ወደ ታች ወረደች። ዕለቱ ረቡዕ ነው፤ ቀብሩ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሳጥኑ አንዴ ከበር ከወጣ በኋላ «ቆዩኝ፣ አንድ ጊዜ ልየው» ማለት የለም፤ እናቷ ሜዲንግ ይሄ ጠፍቷት አይደለም። ደረጃውንም ቢሆን ለሰው ሰበብ አደረገችው እንጂ አልፈራችውም። የፈራችው የክሪሳንቶን ፊት ነው። አርባ አንድ ዓመት አብሯት የኖረውን ባሏን፣ ያውም ዓይኑን ጨፍኖ የተኛውን፣ ቀና ብላ የምታይበት ድፍረት አጣች። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ከአፏ የወጣውን ቃል ከእሷና ከፈጣሪ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ከወለሉ ሳንቃ ስር የለቀስተኛው ድምፅ ይመጣል። ካርታ የሚጫወቱት ወንዶች ጠረጴዛ ይመታሉ፤ ሴቶቹ መቁጠሪያቸውን ይዘው ይጸልያሉ፤ አንዷ ቡና በሙቅ ውሃ እየበጠበጠች ታድላለች። ቤቱ ከሰኞ ወዲህ አልተጠረገም። ሬሳ ባለበት ቤት መጥረጊያ ያነሳ ሌላ ሞት ጠርጎ ያመጣል ስለሚባል፣ የኦቾሎኒው ቅርፊት እዚያው እንደወደቀ ይረገጣል። ለቀስተኛ ሲሄድም «እግዜር ይስጥልኝ» አይባልም፣ እስከ በር አይሸኝም። ቴሌቪዥኑም ነጭ ጨርቅ ለብሷል፤ ዲኮደሩ ከሶኬቱ ተነቅሏል።

የታችኛው ዲኮደር ሲነቀል ደግሞ የላይኛው ቤት ይጨልማል። ከሜዲንግ እግርጌ በተቀመጠው አሮጌ ስክሪን ላይ አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ ቀርቷል፦ ምልክት አልተገኘም።

«እሱን እንኳ እኔም አውቃለሁ» አለችው ስክሪኑን፤ ገንፎውንም ሳትነካው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ይሄ የላይና የታች ነገር የመጣው ከአራት ዓመት በፊት ነው። ስትሮክ ቀኝ ጎኗን ቀማት። ታች እንዳትተኛ አገሩ ረባዳው የባሕር ዳር ከተማ ማላቦን ነው፤ ባሕሩ በሞላ ቁጥር ውሃው ሳያንኳኳ ገብቶ ሶፋው ላይ ይቀመጣል። ላይ እንዳትተኛ ደግሞ አሮጌው ስክሪን ብቻውን ጣቢያ አይስብም፤ ሁለተኛ ዲኮደር ማስገባት አቅማቸው አልፈቀደም። መርከበኛው ልጃቸው አርኔል ለዕረፍት ሲመጣ የጉርምስናውን ጌም ማጫወቻ ከአቧራ አወጣና ላይ ካለው ስክሪን ጋር አገናኘው። ከዚያ ከታችኛው ዲኮደር ገመድ ስቦ፣ በዋይፋዩ ዕቃ በኩል አሳልፎ፣ ደረጃ ለደረጃ አውጥቶ ሰካው። ታች የሚታየው ላይ ታየ! ክሪሳንቶ ከደስታው ብዛት ደረጃውን ሦስት ጊዜ ወጥቶ ወረደ፤ ታች አይቶ ይሮጣል፣ ላይ ደርሶ ያንኑ ያያል።

ሁለት እንከን ነበረው። ዲኮደሩ አንድ ስለሆነ ጣቢያውም አንድ ነው፤ ክሪሳንቶ ታች የከፈተውን ነው ሜዲንግ ላይ የምታየው። የእሷ ሥልጣን በግራ እጇ ጆይስቲኩን ይዛ ድምፅ መጨመርና መቀነስ ብቻ ነው። ሁለተኛው እንከን፣ ምስሉ ላይ እስኪደርስ ስምንት ሰከንድ ያህል ይዘገያል። ስለዚህ ሁልጊዜ የክሪሳንቶ ሳቅ በሳንቃው ስንጥቅ ቀድሞ ይመጣል፤ ቀልዱ ኋላ ይደርሳል።

«አንተ ሰውዬ፣ አታበላሽብኝ! እኔ ጋ ገና ነው!» ትጮሃለች።

«እና አንቺም ቶሎ ቶሎ እዪ!» ይላታል ከታች።

እየቆየ ለመደችው። «ውይ!» ካለ ከስምንት ሰከንድ በኋላ አንዷ ምስኪን በጥፊ ትመታለች፤ «እሰይ!» ካለ ክፉዋ አማት ትዋረዳለች። ድራማውን ከቴሌቪዥኑ አስቀድማ ከባሏ ድምፅ ታውቀዋለች።

ሐሙስ ዕለት ዶሚንግ እያለከለከ ወደ ላይ ወጣ። ከክሪሳንቶ ጋር በአንድ መስመር ሠላሳ ዓመት ጂፕኒ የሚሉትን የሕዝብ ታክሲ የነዳ ጓደኛው ነው። ጭብጥ ኦቾሎኒ ይዞላት መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ሜዲንግ፣ ያ የዘጠኝ ሰዓት ድራማሽ አለቀ ወይስ ገና ነው?»

«ምን አሳሰበህ አንተን?»

«እንዴት አያሳስበኝ! ስንት የቅርጫት ኳስ ፍጻሜ አስመለጠን መሰለሽ!»

«ክሪሳንቶን ጠይቁ። ድራማ ወዳዱ እሱ ነው፣ እኔ ምን አደረግኩ?»

ዶሚንግ ሊስቅ ጀምሮ ፊቷን ሲያይ ተወው። «ሳንቶ? ድራማ? ኧረ በስመ አብ! ሲያዛጋ መንጋጋው ሊወልቅ ነበር እኮ። ጨዋታው ሞቆ፣ እኛ ሶፋው ላይ ቆመን እየጮህን፣ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቀጭ! ጣቢያውን ይቀይረዋል። ‹ሚስቴ ታይበታለች፣ ውጡልኝ› ይለናል። እኛ ሱቁ ጋ ሄደን በሬዲዮ እናዳምጣለን።»

«እሱስ?»

«እሱማ አይመጣም። ‹ና እንጂ፣ ቴሌቪዥኑን ከፍተህላት ና፣ በምን ታውቃለች?› እንለዋለን። ‹ሳቄን ካልሰማች ብቻዬን ነኝ ትላለች› ይለናል። ስንት ተሳለቅንበት መሰለሽ! ምራቷን የምታማ አሮጊት ነበር የምንለው።»

«ለእኔ ግን ምነው አንድ ቀን እንኳ...»

«ቢነግርሽማ ኳስህን እይ ትይው ነበራ።»

ዶሚንግ ከሄደ በኋላ ሜዲንግ ኦቾሎኒውን በመዳፏ እንደያዘች ቀረች። አራት ዓመት ሙሉ ስለዚያ ድራማ አብረው አውርተዋል። ማታ ምግቧን ይዞ ሲመጣ «ያቺ ልጅ ግን ያንን ዋልጌ ልታገባው ነው?» ብሎ ይጀምርላታል፣ እሷም ትቀጥላለች። ወዶ መስሏት ነበር። ለዚህ ሰው ነው ሰኞ ዕለት ያንን ቃል የላከችለት። አሁንማ ጭራሽ እንዴት አድርጋ ትውረድ!

አርኔል ዓርብ ቀትር ላይ ደረሰ። ከመርከብ ወደ አውሮፕላን፣ ከአውሮፕላን ወደ አባቱ ሳጥን። ታች አልቅሶ ሲወጣለት እናቱ ጋ ወጣ፤ ሻንጣውን እንኳ ከትከሻው አላወረደም። ተቃቅፈው ቆዩ። ከዚያ ሜዲንግ፦

«አርኔል፣ ያ ነገር ስንት ሰከንድ ነበር የሚዘገየው?» አለችው።

«ምኑ እማዬ?»

«ምስሉ።»

«ሰባት፣ ስምንት... ምነው?»

«በሩን ዝጋው።»

ዘጋው። እሷም ዓይኗን ከአንሶላው ሳታነሳ ነገረችው።

«ሰኞ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ትንሽ ይቀረዋል። የምግብ ዝግጅት ነበር የተከፈተው፤ ሴትዮዋ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። አባትህ ታች ‹ውይ!› አለ። ወንበርም ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። እኔ ጠበቅኩ። ሁልጊዜ እንደማደርገው ‹አሁን ምን ሊመጣ ነው?› ብዬ ስክሪኑ ላይ አፈጠጥኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ስምንት ሞላ። ሴትዮዋ ሽንኩርቷን ትልጣለች። ምንም የለም። ‹ይሄ ሰውዬ ሲኒ ጥሎ ይሆናል› አልኩ።»

«እማዬ...»

«አታቋርጠኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ ጣቢያው አይቀየርም። አሥር ደቂቃ አለፈ። በመጥረጊያው እንጨት ወለሉን ደበደብኩ። ሎርና ዓሣ ገበያ ናት፤ ቤት ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ነን። ‹አንተ እንቅልፋም፣ ቀይርልኝ!› አልኩት። ዝም። ‹ሞትክ እንዴ?› አልኩት። ዝም። ተናደድኩ። ድራማዬ አለፈኝ ብዬ፣ አርኔል፣ ለድራማ ብዬ...» አንሶላውን ወደ ደረቷ ሳበች። «‹ድፍት ያድርግህ!› አልኩት። እህትህ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስትገባ ድፍት ብሎ ነው ያገኘችው።»

ታች ካርታ የሚጫወቱት በአንድ ነገር ተከራከሩና መልሰው ጸጥ አሉ። አርኔል ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ዓይኑ በግድግዳው ጥግ የሚያልፈውን ገመድ ይዞ እስከ ጌም ማጫወቻው ሄደ።

«ገመዱን የሳብኩት እኔ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ።

«ምን አልክ?»

«ይሄ ባይኖር ኖሮ ‹ውይ› ሲል ቴሌቪዥን አይቶ ነው ብለሽ አትጠብቂም ነበር። ወዲያው ‹ምን ሆንክ?› ትይው ነበር። በመስኮት ትጮሂ ነበር፣ ጎረቤት ይደርስለት ነበር። እኔ ነኝ እማዬ... እኔ ነኝ የሠራሁት።» ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ተንሰቀሰቀ።

ሜዲንግ በግራ እጇ ፀጉሩን ጨምድዳ ይዛ ቀና አደረገችው። «ዝም በል! ዝም በል ብያለሁ! አንተ ምን አጠፋህ? ብቻዋን እንዳትሆን ብለህ ለእናትህ ነው የሠራኸው። ሰው ባላወቀው ይጠየቃል? ማን ይጠይቅሃል? አባትህ አሁን ይሄን ቢሰማ...»

አቋረጠች። የተናገረችው ለልጇ ነበር፤ ጆሮዋ ግን ለራሷም ሰማው።

«ቢሰማ ምን ይል ነበር?» አለ አርኔል አፍንጫውን በእጅጌው እየጠረገ።

ሜዲንግ እጇን ከፀጉሩ አነሳች። «ይስቅ ነበር» አለች። «‹ይቺ ሴትዮ ዛሬም ዘግይታ ነው የምትጮኸው› ብሎ ይስቅብኝ ነበር።» ከሰኞ ጀምሮ እምቢ ያላት እንባ ያን ጊዜ መጣ፤ ልጇን በአንድ እጇ አንገቱን ይዛ፣ ታች ያሉት ይሰሙኛል ሳትል አለቀሰች። ሲወጣላት «ነገ ጠዋት አውርዱኝ» አለችው።

ቅዳሜ ጠዋት ዶሚንግና ሦስት የጂፕኒ ሾፌሮች በፕላስቲክ ወንበር ተሸከሟት። ደረጃው ጠባብ ነውና በጎን፣ እየተማከሩ።

«ሜዲንግ፣ የጂፕኒ ሞተር ካንቺ ይቀላል» አለ ዶሚንግ እያላበው።

«አፍህን ዝጋና እግርህን እይ።»

ታች ያለው ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀ። ወንበሯን ከሳጥኑ አጠገብ አስጠግተው አስቀመጧት። ክሪሳንቶ የክብር ልብሱን፣ ነጭ ባሮንግ ሸሚዙን ለብሶ፣ በመስታወት ተሸፍኖ ተኝቷል።

«መስታወቱን ክፈቱልኝ» አለች።

ሎርና ጎንበስ ብላ በጆሮዋ፣ «እማዬ፣ እንባ ካረፈበት መንገዱ ይከብደዋል ይባላል» አለቻት።

«አላለቅስም። ትናንት ጨርሻለሁ። ክፈቱልኝ።»

የቀብር አስፈጻሚው ሰውዬ ሎርናን አያት፣ ሎርና ራሷን ነቀነቀች፤ ከፈተው።

ሜዲንግ አሁን ፊቱን አየችው። «ሳንቶ» አለች፣ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «አላወቅኩም ነበር። ይቅር በለኝ።» ከዚያ ግንባሯ ተቋጠረ። «ማነው ፀጉሩን እንዲህ ያበጠረው? በቀኝ በኩል ከፍሎ አያውቅም እኮ።»

በግራ እጇ ጣቶች ፀጉሩን ከግንባሩ አንስታ ወደ ሌላኛው ጎን አስተኛችው። በቅባት ደርቆ ነበርና ተመልሶ ተነሳ። ጣቷን በምላሷ አርጥባ ደግማ አስተኛችው። ውጭ መኪናው ሞተሩን አስነስቷል፤ ተሸካሚዎቹ ጓንታቸውን አጥልቀው ቆመዋል። አርኔል እጁን በወንበሯ መደገፊያ ላይ አሳርፎ ጠበቃት፤ እሷም መዳፏን ሙሉውን በባሏ ፀጉር ላይ ጫነችና እስኪተኛ ድረስ ይዛው ቆየች።