ነብሩ የመጣበት

ምንጩ ዳር ጭቃው ላይ የነብር መዳፍ ታትሟል። ሰይፈ ሥላሴ ጎንበስ ብሎ አየው። አራት ጣቶች፣ ከኋላቸው ሰፊ ተረከዝ፤ የጥፍር ምልክት የለም። የጅብ ቢሆን ጥፍሩ ጭቃውን ይወጋው ነበር። የሌሊቱ ዝናብ ጠርዙን አላፈረሰውም። ስለዚህ ነብሩ ያለፈው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ሲነጋጋ ነው።

ቀና ብሎ ወደ ድንኳኖቹ አየ። ትሕትና ገና አልወጣችም።

ትሕትና ከጎንደር የመጣችው ክረምቱ እንደወጣ ነበር። ከደባርቅ በታች ባለው የሊማሊሞ ደን ነብር መኖር አለመኖሩን ታጠናለች፤ መኖሩ ከተረጋገጠ ለአካባቢው ፍየሎች ጠንካራ በረት ይሠራል። ሰይፈ ደግሞ መንገድ መሪዋ ነው። ዛፍ ላይ ያሰሩት ካሜራ እስካሁን ያነሣው ጅብ፣ ጃርት እና ባርኔጣቸውን አውልቀው ካሜራውን እጅ የሚነሱ አንድ ሽማግሌ፣ አያ ዘመነን ነው። ነብሩ ከተገኘ ትሕትና ለሌላ ጥናት ወደ ባሌ ትሄዳለች፤ ካልተገኘ ክረምቱንም እዚሁ ትከርማለች።

ሰይፈ ነብሩ እንዳይገኝ ስለት አልገባም። ያፍራል። ግን ሳይገኝ ሲመሽ ደስ ይለዋል።

አሁን በጫማው አንድ ጊዜ ቢረግጠው ዱካው ይጠፋል። ነገር ግን ትንሽ ቆይተው ሴቶች ውሃ ሊቀዱ ይወርዳሉ። በዚህ አገር ውሃ መንገድ ላይ የነብር ዱካ ያገኘ ሰው እርጥብ ቅጠል ይጥልበታል፤ ያየችው ሴት ብቻዋን አትወርድም፣ ጎረቤቶቿን ጠርታ እየተንጫጩ ይወርዳሉ። ቅጠል ሳይጥል ያለፈ ሰው ኋላ ከታወቀበት ለቅሶ ቤት እንኳ ቦታ የሚለቅለት አያገኝም። ሰይፈ የወይራ ቅርንጫፍ ዘንጥፎ ዱካው አጠገብ አጋደመ።

ትሕትና ሻይዋን ጠጥታ ወደ ምንጩ ስትወርድ ቅጠሉን አየችው።

«ማነው የጣለው?»

«እኔ ነኝ።»

«መቼ?»

«ቅድም።»

«ቅድም! ታዲያ ሻዬን እስክጨርስ አፍህን ይዘህ ተቀመጥክ?» ጭቃው ላይ ተንበርክካ እጇን ከመዳፉ ጎን ዘረጋች። «ዛሬ የሄደበትን እንከተል።»

«አይሆንም። የመጣበትን ነው።»

«ወቅቱን ሙሉ የመጣበትን ብቻ ነው ያሳየኸኝ። የተኛበትን ሣር፣ የቧጨረውን ግንድ። እሱ ሁልጊዜ ሌላ ቦታ ነው።»

«የሄደበትን የተከተለ ሰው መጨረሻው ነብር ጀርባ ላይ መቆም ነው። ነብር ደግሞ ከጀርባው የሚመጣ ሰው አይወድም።»

«አንተስ ከነብር በምን ትሻላለህ? ዘወትር ፊት ፊት እየሄድክ ጀርባህን ነው የምታሳየኝ። ገበያ መሐል ጀርባህን ባየው እለየዋለሁ፤ ፊትህን ግን እንጃ።»

ሰይፈ ፊት ፊት ሄደ።

ዱካው ከምንጩ ወደ ላይ፣ አጋም ወደበዛበት ጠባብ መንገድ ወሰዳቸው። እዚያ የመጎተት ምልክት አዩ፤ ቀጥሎ የእሾህ ቁልል። ከቁልሉ ሥር የፍየል እግር ወጥቷል። ትሕትና ልትጠጋ ስትል ሰይፈ እጅጌዋን ያዘ።

«የአያ ዘመነ ፍየል ናት። አውሬ የገደለው ብክት ስለሆነ አይበላም፤ ውሻ ሰፈር ውስጥ እንዳይጎትታት ብለው በእሾህ ሸፍነዋታል። ሳያውቁ ለነብሩ ጓዳ ሠሩለት። ጠግቦ ውሃ ሊጠጣ ነው የወረደው። ይመለሳል።»

እጅጌዋን ለመልቀቅ ትንሽ ዘገየ።

ሸለቆውን ተሻግረው ማዶ ካለው አለት ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ሆኖ ቁልሉ በግልጽ ይታያል፣ ገደሉ ደግሞ በመሐል ነው። አያ ዘመነን ለማስጠንቀቅ ሰይፈ ስልክ ደወለ፤ አይሠራም። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፣ ዘመም አለች። ትሕትና ካሜራዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቁልሉን ትመለከት ነበር።

«ቢገኝ ደስ አይልህም?» አለች ድንገት።

«ላንቺ ደስ ይለኛል።»

«ስላንተ ነው የጠየቅኩህ።»

ሰይፈ አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ ገደሉ አፍ ላይ ሣር ሲነጩ የነበሩ ጭላዳ ዝንጀሮዎች በአንድ ላይ ጮኹና ወደ ገደሉ ተወረወሩ።

«ዝም በይ» አለ፤ ዝም ያለችውን።

ነብሩ ከየት እንደመጣ አላዩም። ቁልሉ አጠገብ ድንጋይ ብለው ያለፉት ነገር ጭራውን አነሣ። ትሕትና ካሜራዋን ቀስ ብላ ወደ ዓይኗ አቀረበች። ሰይፈ የሚያየው ነብሩን አልነበረም። እሷን ነበር።

ከዚያ ከታች በኩል እንጉርጉሮ ተሰማ። አያ ዘመነ ሌላ ሸክም እሾህ ትከሻቸው ላይ አድርገው በመንገዱ እየወጡ ነው። አንድ መታጠፊያ ብቻ ቀርቷቸዋል።

ሰይፈ ሊጮህ አለና አመነታ። ቢጮህ ነብሩ ይሄዳል፣ ፎቶው ይቀራል፣ እሷ ትከርማለች። ሆን ብሎ ያስመለጠው ይመስላታል። ይህን ያሰበው ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ነው።

«አያ ዘመነ! ባሉበት ይቁሙ! ነብር!» የጮኸችው ትሕትና ናት። ካሜራው ደረቷ ላይ ይወዛወዛል።

ነብሩ ቀና ብሎ ማዶ ማዶ አየ። ዓይኑ እሷ ላይ ቆየ።

«አይሩጡ! ጀርባዎን አይስጡት፣ የኋሊት ይራመዱ!» ሲል ሰይፈም ጮኸ።

አያ ዘመነ ሸክሙን ከራሳቸው በላይ አንሥተው ግዙፍ መሰሉ። «አንተ ሆዳም! ፍየሌን በላህ፣ ለማወራረጃ እኔን አማረህ?» እያሉ የኋሊት ሄዱ። ሰይፈና ትሕትና እንደገና ወደ ቁልሉ ሲመለከቱ እሾህ ብቻ ነበር።

ትሕትና ካሜራዋን አየች። ቅርንጫፍ፣ የደበዘዘ ድንጋይ። ሌላ የለም።

ሰይፈ ደስታው ፊቱ ላይ እንዳይታይበት አንገቱን ደፋ።

«ፎቶ የለሽም» አለ።

«አይቼዋለሁ።»

«አለቆችሽ ያለ ፎቶ ያምኑሻል?»

«ዱካው አለ፣ ፍየሏ አለች፣ ዓይኔ አለ። ይበቃል ብለውኛል።» ማዶ ወዳሉት ወደ አያ ዘመነ ተመለከተች። «አላየሁም ብል ለእኚያ ሰው በረት ማን ይሠራላቸዋል?»

ኔትወርክ ወደሚይዝበት ኮረብታ ብቻዋን ወጣች። ሰይፈ ወሬዋን ላለመስማት ራቅ ብሎ ቆመ፤ ነፋሱ ግን አመጣለት። «አዎ፣ በዓይኔ። … ቅዳሜ እነሣለሁ።»

ነብሩ መንገድ ዳር እንዳይመላለስ ፍየሏን ከዚያ ማራቅ ነበረባቸው። ወደ አያ ዘመነ ተሻግረው፣ ሦስቱም አንድ ላይ ሆነው፣ ጮክ ብለው እያወሩ፣ ድንጋይ እየወረወሩ ተጠጉ። እሾሁ በታሰረበት ጠፍር አስረው ጎትተው ሰው ወደማይወርድበት ገደል ለቀቋት። ስትወድቅ ድምፅዋ ከታች ዘግይቶ መጣ።

ሰይፈ ጠፍሩን እንደያዘ ቁልቁል እያየ ቀረ።

«ምነው ልጄ» አሉ አያ ዘመነ፤ «የሞተችው የኔ ፍየል፣ ሐዘንተኛው አንተ!»

ትሕትና ሳቀች። ከዚያ ፊቱን አየችውና ሳቋን ተወችው።

«ሰይፈ።»

«አቤት።»

«ቅዳሜ መናኸሪያ ድረስ ትሸኘኛለህ?»

«ሻንጣሽ ከባድ ነው» አለ። ሌላ ሊጨምር ፈለገና ጠፍሩን መጠቅለል ጀመረ። «እሸከምልሻለሁ።»

«ቀላል ነው» አለች፣ ቀስ ብላ። «ግን ና።»