የአልጋ ሥር ሪፐብሊክ ወንበር

ጡረታ የወጣው ፖስተኛ አገር አለው። በዘጠኝ ዓመቱ አልጋ ሥር ተኝቶ የፈጠራት፣ «ታላቋና ነፋሻዋ የአልጋ ሥር ሪፐብሊክ» የምትባል። ካርታ አላት፣ ሰንደቅ ዓላማ አላት፣ በእጁ የሣላቸው አራት መቶ ቴምብሮች አሏት። የሌላት ሕዝብ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን አይከፋም፣ የሚያምፅ የለማ።

እንደሱ አገር የፈጠሩ ሌሎችም ሞልተዋል። በየዓመቱ በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ጉባኤ ይቀመጣሉ። ፖስተኛው ስድስት ዓመት ሙሉ ከኋላ ቆሞ አዳምጧል። ምኞቱ የአገሩ ስም አንድ ቀን እዚያ ሲጠራ መስማት ነው፤ ሌላ ምንም አይፈልግም። ደንቡ ግን አስቸጋሪ ነው፤ ብቻዋን የቆመች አገር ወንበር የላትም። ቢያንስ ሁለት ጎረቤታሞች ድንበራቸውን ተማምነው፣ ቀጠና መሥርተው፣ አንድ ተወካይ ይልካሉ።

ጎረቤት ነበረችው። የመስኮት ደሴት፣ የታናሽ እህቱ አገር። «ነበረችው» ያልነው በአሥር ዓመቱ ካርታው ላይ በቀይ እርሳስ ወርሮ ስለዋጣት ነው።

እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋ ሄዶ ጉዳዩን ሲነግራት፣ ሱሪ እያሳጠረች፣ የስፌት መኪናዋን ሳታቆም አዳመጠችው።

«ወንድም ጋሼ፣ መጀመሪያ ደሴቴን መልስ።»

«እንዴ! ሃምሳ ዓመት አለፈው እኮ!»

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።»

ያንኑ የልጅነት ካርታ ከቦርሳው አወጣ። ላጲስ አቀበለችው። እስኪያልበው ፈገፈገ፤ ቀይ እርሳስ እንደ ቂም ነው፣ ቶሎ አይለቅም። ከሥሩ በእህቱ የልጅነት እጅ የተሣለች ጠማማ መስኮት ብቅ ስትል ግን አፈረ።

«ይቅር በይኝ እታለም» አለ፣ ከልቡ።

«ይቅር ለእግዜር። ወንበሩ ላይ የምቀመጠው ግን እኔ ነኝ።»

ፖስተኛው ክው አለ፤ እሷ ከተቀመጠች የሚጠራው የደሴቷ ስም ነዋ። ተለማመጠ፣ ተቆጣ፣ አኮረፈ። እሷ ወይ ፍንክች! ምን ያድርግ፣ ስምምነቱን ፈረመ።

የጉባኤው ዕለት እንደ ልማዱ ሰንደቅ ዓላማውን ይዞ ከኋላ ቆመ። የአዲሱ ቀጠና ተወካይ ትናገር ሲባል እህቱ ተነሣች። ስለ መስኮት ደሴት ትንፍሽ አላለችም።

«እዚህ አዳራሽ ስሟ ተጠርቶ የማያውቅ አገር አለች» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ታላቋና ነፋሻዋ የአልጋ ሥር ሪፐብሊክ!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ፖስተኛው ኪሱ ውስጥ መሐረብ ፈልጎ ቢያጣ፣ በሰንደቅ ዓላማው ዓይኑን ጠረገ።