በማዳመጫው ውስጥ የነበሩት

ቅዳሜ ጠዋት እንደማንኛውም ቅዳሜ ተነሣች። ውኃ ጣደች፤ የሥራ ጋውኗን ከገመድ ላይ አውርዳ ተኮሰች። ከትንሿ ክፍል የባሏ ድምፅ ይሰማል፤ በጃፓንኛ ይጣደፋል፣ ያስጠነቅቃል፣ መሀል ላይ ይስቃል። ሻይ ይዛለት ስትገባ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል አንድ ጣቱን ወደ ላይ አነሣ። “ቆይ፣ ጌሙ ውስጥ የቆሰለ ሰው አለ” ማለቱ ነው። ብርጭቆውን ከስልኩ አጠገብ አስቀምጣ፣ እንዳይቀዘቅዝ በትንሽ ሳሕን ከድናው ወጣች። የውኃ ጥራት የምትመረምርበት ላቦራቶሪ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ይሠራል። በሩን ስትዘጋ ደህና ዋል አላለችውም፤ እሱም ደህና ዋይ አላላትም። ለምሳ ትመለሳለቻ።

ለምሳ ስትመለስ ሻዩ እንደተከደነ ነበር። እሱ ወንበሩ ላይ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል፤ ማዳመጫው ጆሮው ላይ ነው፤ እጁ ቀዝቅዟል። ማዳመጫውን ስታወልቅለት ከውስጡ ቀጭን ድምፅ ወጣ። የሰው ድምፅ ነበር፤ በቀስታ፣ ሳያቋርጥ የሚናገር። የኮምፒውተሩን ገመድ ከግድግዳው ነቀለችው። ከዚያ በኋላ ነው የጮኸችው።

ስለዚያ ድምፅ ለማንም አልተናገረችም።

ከቀብሩ በኋላ ሳሎኑ ከጎረቤት በመጡ ወንበሮች ተሞላ። የባሏ ታላቅ ወንድም በሩ አጠገብ ተቀምጠው የሚመጣውን ሰው ይቀበላሉ። ዋርሳዋ ዕድሜያቸውን ሙሉ መኪና መንዳት ሲያስተምሩ ኖረው በቅርቡ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሌላ ሰው መሪ ሲይዝ እግራቸውን ፍሬን ላይ አድርገው መቀመጥ ለምደዋል፤ ለቅሶ ቤቱንም የያዙት እንደዚያው ነው። ለገባው ሁሉ ያንኑ ታሪክ በዚያው ቅደም ተከተል ይነግሩታል፤ ወንድማቸው ጌም ሲጫወት እንደነበረ፣ ስልኩ ክንዱ ሥር እንደነበረ፣ ቢችል ኖሮ ይደውል እንደነበረ። የሚጨርሱትም ሁልጊዜ በአንድ ቃል ነው።

“ብቻውን። ባንዴ ነው የሄደው፣ ብቻውን፣ ሰው ሳያየው።”

እሷ ቃሉን በሰማች ቁጥር ማዳመጫው ውስጥ የነበረው ድምፅ ይመጣባታል። ብቻውን ከነበረ ማን ነበር የሚያወራው? ማወቅ የምትፈልገው ይህን ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀምጣ የምታስበው እሱን ነው፤ ሴቶቹ ግን አለማልቀሷን አይተው አንጀተ ደረቅ አሏት። መማር እንዲህ ያደርጋል አለች አንዷ፣ የምትሰማ ሳይመስላት።

ጊዜዋ ደግሞ አጭር ነው። ዋርሳዋ ኮምፒውተሩ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከቤት እንዲወጣ ወስነዋል። ወንድሜን የገደለው ይኼ ዕቃ ነው፣ እሱ እያለ ሐዘኑ ከዚህ ቤት አይወጣም ብለው ለአንድ የቀድሞ ተማሪያቸው ሰጥተውታል፤ ልጁም መኪና ይዞ ይመጣል። እሷን የጠየቃት የለም።

በወጥ ቤት በኩል ደግሞ ሌላ ወሬ አለ። ቴርሞሱን ልትሞላ ስትገባ የመጨረሻውን ቁራጭ ሰማችው።

“ከሴት ጋር ነበር አሉ የሚያወራው።”

“በጃፓንኛ? ምን ሊላት?”

“ኧረ ተይኝ፤ እንዲህ ያለው ነገር አስተርጓሚ ይፈልጋል እንዴ?”

እሷን ሲያዩ ሳሕን ማጠብ ያዙ። ቴርሞሱን ሞልታ፣ ክዳኑን አጥብቃ ተመለሰች። በእርግጥም በማዳመጫው እያወሩ አብረውት ከሚጫወቱት አራት ሰዎች አንዷ ሴት ናት። ያንን ከእሱው ከራሱ ሰምታዋለች።

ሳሎን ውስጥ ከባሏ ሱቅ ፊት ለፊት ያለው ሥጋ ሻጭ ተቀምጧል። ሟቹ መነፅር ሠሪ ነበር፤ የሰፈሩ ሰው ግማሹ የሚያየው እሱ በሞረደው መስታወት ነው። ሥጋ ሻጩ መነፅሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ፣ “ይኼን ሰጥቶኝ ሚስቴን ለመጀመሪያ ጊዜ አጥርቼ አየኋት። እሷም ያን ቀን ነው እንዴት እንዳፈጠጥኩ አይታ የተቀየመችኝ” አለ። ሰው በአፍንጫው ሳቀ። ሥጋ ሻጩ ግን አልሳቀም፤ መነፅሩን መልሶ ሳያደርግ ቆየ።

ጃፓንኛ የጀመረው በዚያው ሱቅ ነው። የሌንስ መሞረጃው ማሽን የተሠራው ጃፓን ነበርና በተበላሸ ቁጥር የሚናገረው በጃፓንኛ ነው። መጽሐፍ ገዛ፤ ፊደሉን ለየ። መጽሐፍ ግን አፍ የለውም፤ የሚያናግረው ሰው አጣ። በመጨረሻ የዚያ አገር ሰዎች ተሰብስበው የሚጫወቱትን ጌም በኢንተርኔት አገኘና በማይክ እየተነጋገሩ ከሚዋጉ ቡድኖች አንዱ ጋር ተቀላቀለ። ማንም የማይፈልገውን ቦታ መረጠ፤ የሐኪሙን። ሐኪሙ አይተኩስም። ከኋላ እየተከተለ ማን እንደቆሰለ፣ በየት በኩል እንደወደቀ፣ ምን ያህል እንደተጎዳ ይጣራል፤ ጠላት ሲመጣ ያስጠነቅቃል፤ የወደቀውን ያበረታታል። ከሁሉም ይበልጥ የሚናገረው እሱ ነው። ቦታውን የመረጠውም ለዚህ ነው፤ አፉ እንዲፈታ።

ይህን ለእሷ ያስረዳት በአማርኛ ነው፤ ለማስረዳትም ረጅም ጊዜ ፈጀበት። ከልጅነቱ ጀምሮ ይንተባተብ ነበር። የቃሉ መጀመሪያ ጉሮሮው ላይ ይያዝና ደም ሥሩ ይገተራል። ወንድሙ ገና በልጅነታቸው ቃሉን ከአፉ እየነጠቁ መጨረስ ለመዱ፤ በክፋት አልነበረም፣ ሲጨነቅ ማየት ስለማይችሉ ነው። ሱቅ ውስጥ በጣቱ ያመለክታል። ስልክ ግን ጠላቱ ነበር። ሲጮህ ዝም ብሎ ያየዋል እንጂ አያነሣውም፤ ፊት በሌለበት ቃሉ ጭራሽ አይወጣም። ያገባት፣ እሱ እንደሚለው፣ ዓረፍተ ነገሩን ሳትነጥቀው የጠበቀችው የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ስለሆነች ነው።

አንድ ጠዋት የታጠበ ልብስ ታቅፋ በትንሿ ክፍል በር ስታልፍ ቆመች። ባሏ ይናገራል፣ አይያዝም። በጃፓንኛ ንግግሩ እንደ ውኃ ይወርዳል፤ ይቀልዳል፣ ይቆጣል፣ ይመልሳል። እርጥቡ ልብስ ደረቷን እስኪያበሰብሰው ድረስ አዳመጠች። እንዳስተዋለች አልነገረችውም፤ ከተነገረ የሚሰበር ነገር መሰላት። ደስ አላት። ከደስታው ሥር ደግሞ ሌላ ነገር ነበር፤ ያ ሳይቸገር የሚናገር ሰው ለእሷ አልደረሳትም።

ከምሳ በኋላ ቤቱ ጭር አለ። ዋርሳዋ ወንበራቸው ላይ አንገታቸውን ደፍተው አሸለቡ። ለቀብር ከሌላ ከተማ የመጣችውን ልጇን በዓይኗ ጠራቻት።

“ነይ እስቲ። ስልክሽንም ያዢ።”

ትንሿን ክፍል ከዚያ ቀን ወዲህ የገባባት የለም። ገመዱን ሰካች። ኮምፒውተሩ የይለፍ ቃል አልጠየቀም፤ ጌሙም በራሱ ተከፈተ፤ ከእሱ ስም ጎን አረንጓዴ መብራት በራ። ማዳመጫውን ከመሰኪያው ነቅለው ድምፁ በክፍሉ ውስጥ እንዲሰማ አደረጉ፤ ኮምፒውተሩ የራሱ ማይክም አለው። እዚያ አገር መሽቶ ነበር፤ አራቱም ግን ነበሩ። ይጨዋወቱ የነበሩት ሰዎች መብራቱን ሲያዩ በአንድ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ አንድ ያረጀ ድምፅ በጥንቃቄ አንድ ቃል ጠየቀ።

ልጅቷ ስልኳን ወደ ድምፁ አስጠጋች። ስልኩ ጃፓንኛውን እየሰማ እየተንገዳገደ በአማርኛ ይጽፋል፤ አማርኛውን ደግሞ መልሶ በጃፓንኛ ይናገራል። “ሐኪሙ፣ አንተ ነህ?” ነበር ጥያቄው።

“ምን ልበላቸው፣ እማዬ?”

“ሚስቱ ናት በያቸው። ሞቷል በያቸው።”

ስልኩ ተናገረ። ከዚያ ያረጀው ድምፅ ማውራት ጀመረ። እሱ ባሕር አጠገብ ባለች ትንሽ ከተማ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሌሎቹ አንዲት የጭነት መኪና ሹፌርና ሁለት ተማሪዎች ናቸው። ልጅቷ ስልኩ የጻፈውን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበች። ያን ጠዋት ሐኪሙ መሀል ላይ ደረቴን ከበደኝ አላቸው። ለሰው ደውል አሉት። እኔ በስልክ ቃል አይወጣልኝም አለ። የት እንደምትኖር ንገረን፣ እኛ እርዳታ እንፈልግልሃለን አሉት። ልጅቷ እዚህ ላይ አቆመች።

“ቀጥዪ” አለቻት።

“አድራሻውን መናገር ጀመረ ይላል። የከተማው ስም፣ የመንገዱ ስም በእሱ ቋንቋ ነው። ሞከረ፣ ሞከረ፣ አልወጣለትም። መጻፍም እጁ እምቢ አለው። ትክክለኛ ስሙን እንኳ አናውቅም፤ እኛ ሐኪሙ ነው የምንለው ይላል።”

ከዚያ ተዉት አላቸው፤ ሚስቴ ለምሳ ትመጣለች፣ እስክትመጣ አውሩልኝ አለ። አወሩለት። ሹፌሯ መኪናዋን መንገድ ዳር አቁማ ስለምታየው ተራራ ነገረችው። ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን ዘጋ። መጀመሪያ ይመልስላቸው ነበር፣ ይስቅም ነበር፤ ኋላ መልሱ አጠረ፤ ኋላ ቀረ። ይስማ አይስማ ስላላወቁ በየተራ ማውራታቸውን አላቆሙም። ከዚያ በር ሲከፈት፣ ሰው ሲራመድ ሰሙ። መጣችለት ብለው ደስ አላቸው። ወዲያው ድምፁ ተቋረጠ።

“ያቋረጥኩት እኔ ነኝ” አለች እሷ። ልጅቷ ይህን ልተርጉመው አልተርጉመው ብላ አየቻት። “በያቸው።”

ስልኩ ነገራቸው።

በሩ ላይ ዋርሳዋ ቆመዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ አልታወቀም። “መኪናው ደርሷል፤ ንቀሉት” ሊሉ እጃቸውን አንሥተው ነበር፤ ያኔ ፀጉር አስተካካዩ እንደገና ተናገረ። ከጨዋታ በኋላ ሁልጊዜ ሐኪሙ ጃፓንኛውን በማረማችን ምትክ ከቋንቋው አንድ አንድ ቃል ያስተምረን ነበር አለ። ሰው ሲወድቅ የሚባለውን አውቀዋለሁ፤ ለእናንተ ልበለው። ጉሮሮውን ጠረገ።

“አ... አ... አይዞህ።”

ሁለት ጊዜ ተይዞ፣ ትንሽ ትንፋሽ ወስዶ፣ ከዚያ ባንዴ ወጣ። ልክ እንደ እሱ። ሽማግሌው ሲቀልድ አልነበረም፤ ቃሉን ከአንድ ሰው አፍ ብቻ ነው የሰማው፣ ሲባልም እንዲህ የሚባል ነው የመሰለው። ሹፌሯ ደገመችው፤ ተማሪዎቹም ተከተሉ። አራቱም በተያዘበት ቦታ ተያዙ፣ በተነፈሰበት ቦታ ተነፈሱ።

የዋርሳዋ ከንፈር በልማድ ተንቀሳቅሶ ነበር፣ ቃሉን ሊጨርስ። ከዚያ ገጠሙት። አራቱም እስኪጨርሱ ድረስ ጠበቁ። ክፍሉ ውስጥ ባለው አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ።

“እነማን ናቸው?” አሉ በመጨረሻ።

“አብረውት የነበሩ ሰዎች ናቸው ጋሼ። ብቻውን አልነበረም።”

“እስከ መጨረሻው?”

“እስከ መጨረሻው።”

አድራሻውን አልነገረቻቸውም። ስልክ ያልደወለው ለምን እንደሆነም አልነገረቻቸውም፤ ልጅቷም አልተናገረችም። ዋርሳዋ፣ “ይቀልድ ነበር እንዴ እዚህ?” ብለው ጠየቁ። በጣም፣ አለቻቸው። “እኔ ሰምቼው አላውቅም” አሉ፤ ተነሥተውም ወጡ። ከውጭ መኪናው ባዶውን ሲመለስ ተሰማ። ትንሽ ቆይቶ ሳሎኑ ውስጥ ለአዲስ እንግዳ ታሪኩን ሲጀምሩ ሰማቻቸው፤ ስልኩ ጋ ሲደርሱ ዝም አሉ። እንግዳው ሊጨርስላቸው ሞከረ።

ሌሎች ለቀስተኞች መጡና ልጅቷ ተጠራች፤ ስልኳን ይዛ ሄደች። እሷ በእሱ ወንበር ተቀመጠች። ማዳመጫውን መልሳ ሰክታ አጠለቀችው። በእሱ ራስ ልክ የሰፋ ስለሆነ ይንሸራተታል። ማጥበቂያው በጣቷ ሥር ነው፤ አላጠበቀችውም፤ በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ደግፋ ያዘችው።

አራቱ አልሄዱም ነበር። ሹፌሯ አንድ ነገር ጠየቀቻት፤ ጥያቄ መሆኑ በድምፅዋ ያስታውቃል። አራቱም መልሱን ጠበቁ።

በቤቱ ውስጥ ጃፓንኛ የሚችል ሰው የለም።