ከቡናማው ጠርሙስ አራት ፍሬ

እኔ ቁጡ ነኝ። ይህን የማያውቅ የነቀምቴ ሰው ካለ ከመድኃኒት ቤቴ መስኮት ፊት ተሰልፎ የማያውቅ ብቻ ነው። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚህ የከረመ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ደንበኛ መቶ ጣቃ አስዘርግቶ ሳይገዛ ቢሄድ እንኳ «በደህና ግባ» ብሎ ይሸኛል። ሱቁን ለወንድሜ ሰጠ፤ ትዕግሥቱን ግን ለማንም አልሰጠም መሰለኝ፣ እኔ ጋ አልደረሰም። አሁን የምነግራችሁ ይህ ጠባዬ በእጄ ሰው ሊያስገድል የደረሰበትን ረቡዕ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው፣ 1976 ዓ.ም.። በአቅራቢያችን የአእምሮ ሐኪም ስላልነበረ አዲስ አበባ ያለ አንድ ሐኪም ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት በሦስት ሰዓት ይደውልልን ነበር። የክሊኒካችን ድሬሰር ተረፋ ደብተሩን ገልጦ የእያንዳንዱን ሕመምተኛ ሁኔታ በስልክ ይነግረዋል፤ ሐኪሙ ያዛል፤ ተረፋ ይጽፋል፤ እኔ ቆጥሬ እሰጣለሁ። መስመሩ እየተንጫጫ ሚሊግራም መነጋገር ስላስቸገረ ነገሩን አቅልለነው ነበር። «ከቡናማው አራት» ይላል ሐኪሙ። ቡናማው ጠርሙስ ውስጥ ያለው ለአእምሮ ሕመም የሚሰጥ አንድ ዓይነት ኪኒን ነው፣ አንዱ ፍሬ ሃያ አምስት ሚሊግራም። ይህን ሦስታችንም ስለምናውቅ ጥንካሬውን የሚጠይቅም የሚናገርም አልነበረም።

የዚያን ረቡዕ ጠዋት ጠርሙሱ ባዶ ነበር። አዲስ የመጣውን ቆርቆሮ ከፍቼ ገለበጥኩበት። መልኩ ያው፣ ክብነቱ ያው። ቆርቆሮውን ሳላነብ ከመደርደሪያው ስር ወረወርኩት።

ከሲሬ የመጣችው ቀለሟ በአራት ሰዓት መስኮቴ ላይ ደረሰች። ባሏ ጨመዳ መምህር ነው። ስምንት ወር ታስሮ ሲፈታ ድምፅ የሚሰማ፣ የቀረበለትን ሁሉ መርዝ ነው የሚል ሰው ሆኖ ተመለሰ። መድኃኒቱን ከጀመረ ሦስት ወሩ ነው፤ ተሽሎት መጽሐፍ ማንበብ ጀምሯል። ቀለሟ ቀጭን ናት፤ መስኮቱን ደገፍ ብላ ዓይኗን በግድ ትገልጣለች።

«አካም ቡልቴ፣ አዴ የሻሽ?» አለችኝ፤ እንዴት አደርሽ ማለቷ ነው።

«ነጋ፣ ደህና ነኝ» አልኳት። «አራት ነው አይደል የታዘዘው?»

«አራት ነው። እሱ ግን ዛሬም ቢሆን እኔ ካልቀደምኩለት…»

«ቀለሟ፣ ከኋላሽ ሰው ቆሟል። እንቅልፍሽን ቤትሽ ተኚ። ማታ ማታ አራት ፍሬ፣ እንደ ወትሮው።»

አፏን ዘጋች። ኪኒኗን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ አውቶቡሱ ሮጠች።

ከምሳ በኋላ ጎረቤቴ ለቡና መስፈሪያ የሚሆን ጣሳ ስለለመነችኝ ያንን ቆርቆሮ አንስቼ ማጠብ ጀመርኩ። ሳሙናው እጄ ላይ እንዳለ ጽሑፉ ወደ እኔ ዞረ። መቶ ሚሊግራም ይላል። አንዱ ፍሬ መቶ። ደግሜ አነበብኩት፤ ያው ነው። ለጨመዳ ማታ አራት መቶ ሊሆንበት ነው። ከእስር የወጣ፣ አጥንቱ የሚቆጠር ሰው ነው። የደም ግፊቱ ወርዶ ተኝቶ በዚያው ሊቀር ይችላል። ቆርቆሮውን እንደያዝኩ ወደ ተረፋ ሮጥኩ።

ተረፋ ቆርቆሮውን ሲያይ መጀመሪያ ያደረገው በሩን መዝጋት ነው።

«ለሌላ ሰው ሰጥተሻል?»

«ለቀለሟ ብቻ።»

ወደ ሲሬ ስልክ ሞከርን። ሰኞ በዘነበው ዝናብ ምሰሶ ወድቆ መስመሩ እንደተቋረጠ ነገሩን። አዲስ አበባ ያለው ሐኪምም ያለ ቀጠሮ አይገኝም።

«የሻሽ፣ ድምፅሽን ቀንሺ» አለ ተረፋ። «ባለፈው መጋዘን ውስጥ ዱቄት የተበላሸበት ሰውዬ አሻጥረኛ ተብሎ እስከ ዛሬ ከእስር አልወጣም። ይኼ ደግሞ መድኃኒት ነው። ምናልባት ሁለት ቀን ይተኛ ይሆናል እንጂ አይሞትም።»

«ምናልባት?»

ተረፋ ክፉ ሰው አይደለም። አራት ልጆች አሉት፤ ፈርቷል። እኔም ፈርቻለሁ። ግን ጨመዳ ኪኒኑን የሚወስደው ማታ ነው፤ ሰዓቱ ደግሞ ሰባት ተኩል ሆኗል።

ከከተማ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ቤቴ በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር ስለሆነ ወደ ቀበሌያችን ሊቀመንበር ወደ ጓድ ባቻ ሄድኩ። መንገድ ላይ ለቅሶ አለብኝ ልል አስቤ ነበር። ሲሬ ማን ሞተ፣ የማን ልጅ ነው፣ ምስክርሽ ማን ነው እያለ እንደሚያመሽብኝ አውቃለሁ። ደግሞም ለቅሶ ብዬ ወጥቼ ለቅሶ ብደርስስ? ይህ ሲታሰበኝ ውሸቱን ተውኩት።

«ምክንያት?» አለ ባቻ ቀና ሳይል።

«መድኃኒት ተሳስቼ ሰጥቻለሁ። ሰውዬው ሳይውጠው መድረስ አለብኝ።»

አሁን ቀና አለ። ወረቀትና እስክርቢቶ ገፋልኝ። «የነገርሽኝን በእጅሽ ጻፊና ፈርሚ።»

እኔ ሰው ላይ ስጮህ የኖርኩ፣ የዚያን ቀን የታዘዝኩትን አደረግኩ። ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ አነበበው። መሳቢያው ውስጥ ከትቶ ቆለፈበት። ከዚያ በኋላ ነው የይለፍ ወረቀቴ ላይ ማህተሙን የመታው።

«ስትመለሺ እንነጋገራለን» አለኝ።

ከጉቶ ጊዳ ገጠር በቆሎ ጭኖ በሲሬ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚሄድ መኪና ያገኘሁት በዘጠኝ ሰዓት ነው። ኬላ ላይ ጆንያ በጆንያ ፈተሹ። ሹፌሩ ወርዶ ሲጋራውን ያጨሳል። እኔ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ፀሐይዋን አያለሁ። ኬላውን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ጎማው ፈነዳ። ሲቀይር አጠገቡ ቆሜ ብሎኖቹን በነጠላዬ ይዤለት ነበር። «እህቴ፣ ማን ታሞብሽ ነው?» ሲለኝ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲያ ፈጥኖ ነዳ።

ሲሬ ስደርስ ፀሐይ ገብታ ዓይን ሊይዝ ነው። ከብቶች ወደየቤታቸው ገብተው አልቀዋል። የመምህሩን ቤት ከትምህርት ቤቱ ጀርባ አሳዩኝ። በሩ ክፍት ነው። ጨመዳ ዱካ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ዓይኑ ንቁ ነው። ደርሻለሁ ብዬ አሰብኩ።

«ኦቦ ጨመዳ፣ ኪኒኑን ዋጡ እንዴ?»

መዳፉን ዘረጋልኝ። አራቱም ፍሬ በላቡ ርሰው እዚያው አሉ።

«እኔ ገና ነኝ» አለ። «የዋጠችው እሷ ናት።»

ያን ጊዜ ነው ከበስተጀርባው ያለውን መደብ ያየሁት። ቀለሟ ተጋድማለች። አንድ እግሯ መሬት ነክቷል።

«እኔ የሰው እጅ አላምንም» አለ፣ ክፍል ውስጥ እንደሚያስረዳ መምህር በዝግታ። «ስለዚህ ከብት ሲገባ አራቱን እሷ ትውጣለች። እኔ ደግሞ እራት በልተን፣ እሷን አይቼ እውጣለሁ። ሦስት ወር ሙሉ እንዲህ ነው፤ ኪኒኑ ቶሎ ሲያልቅም ጠፋ ብላ ታስጨምራለች። ዛሬ ውሃ ልትቀዳ ስትነሣ ወደቀች።»

ካልቀደምኩለት ብላኝ ነበር። እኔ ነኝ አላስጨርስ ያልኳት።

እጇ ቀዝቅዟል፤ የደም ሥሯን ምት ፈልጌ በግድ አገኘሁት፤ ቀጭን ነው፣ ይሮጣል። በጎኗ አስተኛኋት። እግሯን ጆንያ ላይ ከፍ አደረግኩ። ያለውን ጋቢ ሁሉ ደረብኩላት። እንዳያስነሣት፣ በተኛችበት ውሃም እንዳያጠጣት ነገርኩት። ከዚህ ሌላ የማውቀው አልነበረኝም። ትንፋሿን በጆሮዬ እየቆጠርኩ ተቀመጥኩ። ጨመዳ ራስጌዋ ተቀምጦ ኪኒኖቹን ጨብጧል።

«ትሞታለች?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩት። «ጥፋቱ የእኔ ነው። የሰጠኋት ከሚገባው አራት እጥፍ ነው።»

እንዲመታኝ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን የቀለሟን ነጠላ አስተካከለ።

ሲነጋ ዓይኗን ገለጠች። ጣሪያውን አየች፤ እኔን አየች፤ አልገረማትም።

«ላሟ ታለበች?» አለች።

ጨመዳ ወደ ውጭ ወጣ። ከበሩ ኋላ ሲያለቅስ ሰማሁት። እኔ ደግሞ እጇን ይዤ «ይቅርታ» ማለት ጀምሬ ሳልጨርሰው እንደገና ተኛች። የአሁኑ እንቅልፍ ግን የጤና ነው።

ጨመዳ ሲመለስ የኪኒኑን ቋጠሮ ፈትቼ አስረዳሁት። ከእንግዲህ አራት ሳይሆን አንድ ነው፣ አንዱ የድሮውን አራት ያህላል። የትናንቱ ስላመለጠው አሁኑኑ አንድ ቢውጥ ይሻላል። ቀለሟ ግን ከእንግዲህ አንድም አትቀምስም። አንዷን ፍሬ አንስቼ ሰጠሁት። ተቀብሎ አያት፤ መልሶ እኔ መዳፍ ላይ አኖራት።

«ዱራ አቲ» አለኝ። መጀመሪያ አንቺ ማለቱ ነው።

ቁጣ በፊቱ የለም። ሦስት ወር ሚስቱን ያመነበትን መንገድ ነው የጠየቀኝ። ከምላሴ ስር ላስቀምጣትና ውጭ ልተፋት እችል ነበር፤ አስቤዋለሁም። ዋጥኳት። አፌን ከፍቼ አሳየሁት። ምንም አለመሆኔን እስኪያይ ጠበቅን። ከዚያ እሱም የራሱን አንስቶ ዋጠ።

ወደ ነቀምቴ በሚመልሰኝ አውቶቡስ ውስጥ ምላሴ ደረቀ፤ ዓይኔ ከበደኝ፤ የሰው ድምፅ ከሩቅ ሆነብኝ። ቀለሟ ሦስት ወር መስኮቴ ላይ ስትቆም እንዲህ ሆና ነበር የቆመችው። የባቻን መሳቢያ አሰብኩ፤ መፍራት እንኳ አቃተኝ። ነቀምቴ ስንገባ ሁሉም ወርዶ እኔ ቀርቼ ኖሮ ሹፌሩ ወንበሩን መታ መታ አደረገ።

«ሴትዮ፣ የሚሳፈር ሰው ቆሟል እኮ። እንቅልፍሽን ቤትሽ ተኚ።»

አልተቆጣሁም። መቀመጫውን ይዤ ቀስ ብዬ ተነሣሁና ወደ ቀበሌው ሄድኩ።