የመጀመሪያዎቹ ሦስት እርምጃዎች

ስርጉት በጓሮ በኩል ተመልሳ ጫማዋን ከአልጋው ሥር ወሸቀችና አንሶላዋን እስከ አንገቷ ሳበች። በቆላዋ ከተማ በኮኪት በመጋቢት ቤት ውስጥ አይተኛም፤ ሰው አልጋውን ግቢ አውጥቶ ነው የሚያድር። እናቷ ወይዘሮ አሰበች ከጎኗ፣ የገመድ አልጋዋ ላይ እንደተጋደመች፣

"ዛሬም ስትዞሪ አነጋሽው?" አለቻት።

"ዝም በይ እማዬ፣ መጣ።"

አሰልጣኙ ዘመነ የግቢውን በር አንኳኩቶ ገባ። የትምህርት ቤቱ የስፖርት መምህር ነው። እሑድ ጎንደር ላይ አንድ ክለብ ሯጮች ይመርጣል፤ ከኮኪት የምትሄደው አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ ስሟን ዛሬ ጠዋት ደውሎ መናገር አለበት። ወይ ስርጉት፣ ወይ ማናዬ። ማናዬም ጎበዝ ናት፤ ስርጉት ግን ትቀድማታለች። ምን ያደርጋል፣ ተረከዟ ታሟል።

ተረከዝ ደግሞ ክፉ ውሸታም ነው። ካልጋ ሲወርዱ ሚስማር የረገጡ ያህል ይወጋል፤ ጥቂት ከተራመዱበት ይለሰልሳል፤ ከሮጡበትማ ጭራሽ ምንም እንዳልነካው ይሆናል። ስርጉትን አምስት ወር ሙሉ እንዲህ ሲያታልላት ከርሟል። የጤና ጣቢያው ነርስ ሁለት ወር እንዳትሮጥ፣ ጠዋት ማታ ደረጃ ጫፍ ላይ ቆማ ተረከዟን ዝቅ ከፍ እንድታደርግ፣ ውሃው በረዶ የሆነ የሃይላንድ ጠርሙስ ከእግሯ ሥር እንድታንከባልል ነግሯታል። ሁሉንም አደረገች፤ ሩጫውን ግን አላቆመችም። እንዴት ታቁም? ክለብ ከገባች ደመወዝ አለ፤ ካልገባች ዕድሜ ልኳን በመጋዘን አቧራ ውስጥ ሰሊጥ ማበጠር ነው።

ዘመነ የተረከዝን ተንኮል ያውቃል። "ካልጋሽ ስትወርጂ ልይሽ" ያላት ለዚሁ ነው። እሷም ዘዴ አላጣችም፤ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስታ፣ ጓሮውን ስትዞር ቆይታ፣ እግሯን አሙቃ ነው ተመልሳ የተኛችው።

"ይቀመጡ እንጂ መምህር" አለች አሰበች፣ በርጩማ አቅርባ።

ዘመነ አመነታ። ሜዳ ላይ ተቀምጦ ያየው የለም፤ ተማሪዎቹ "ወንበር ጠላቱ ነው" እያሉ ያሙታል። አሰበች ግን እንግዳ አቁማ የምታናግር ሴት አይደለችም። ተቀመጠ። ሻይ መጣ፤ የሙቀቱና የማሽላው ወሬ ተነሣ፤ ወሬው ረዘመ። ስርጉት እግሯ እንዳይቀዘቅዝባት ከአንሶላው ሥር ጣቶቿን ታንቀሳቅሳለች።

"በይ ተነሺ" አላት በመጨረሻ።

ወረደች። እስከ በሩ ሄዳ ተመለሰች። አላነከሰችም።

"አየሽ? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አለ ዘመነ ደስ ብሎት።

"እንቁላልማ ተረከዝ የለውም ጋሼ።"

ሳቀና ስልኩን አወጣ። ግቢው ውስጥ ኔትወርክ አልነበረም። ውጭ ሊደውል ከበርጩማው ተነሣ።

ያን ጊዜ ስርጉት አየችው። የቤቱን ግድግዳ ያዘ። ቀኝ እግሩን በጣቱ ብቻ ረግጦ፣ ጥርሱን ነክሶ አንድ አለ፤ ሁለት አለ፤ ሦስት አለ። በአራተኛው እርምጃ ቀና ብሎ እንደ ጤነኛ ሰው ተራመደ። እሷ ራሷ በየማለዳው የምትራመደው እንደዚሁ ነበር።

"ጋሼ፣ ስንት ዓመት ሆነዎት?"

"ምኑ?"

"ተረከዝዎ።"

"አሥራ ዘጠኝ ዓመት" አለ ዘመነ ፊቱን ሳያዞር። "እኔም ያኔ እሑድ ውድድር ነበረብኝ፤ ሕመሜን ደብቄ ሮጥኩ። ከዚያ ወዲያ ሮጬ አላውቅም።"

አሰበች የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘች ልጇን አየቻት።

ስርጉት አልቅሺ አልቅሺ አላት። አምስት ወር ያሰበችው ጎንደር በሩ ላይ ቆሟል፤ ዝም ካለች ይደወላል፣ አለቀ። ማናዬ በእሷ ቦታ አውቶቡስ ስትሳፈር ታያት።

"ጋሼ ዘመነ፣ አይደውሉ" አለች። "ዋሽቼዎታለሁ። ከአሥር ሰዓት ጀምሬ ስዞር ነው ያነጋሁት።"

"ስርጉት..."

"ይቀመጡና ሻይዎን ይጨርሱ። ተረከዜ ይቀዝቅዝና ያኔ ስነሣ ይዩኝ።"

ተመልሳ አልጋው ላይ ወጣች። አንሶላውን ከእግሯ ላይ ገፋ አድርጋ፣ ጣቶቿን ሳታንቀሳቅስ፣ ተረከዟ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀች።