የሚወደቅበት ምንጣፍ

የካራቴው ማስተር «ስንፍና» ተብሎ የተጻፈበትን ጣውላ በክርኑ ለሁለት ሲከፍለው ለጡረታ ዝግጅት ገለጻ የተሰበሰበው ሠራተኛ አዳራሹን በጭብጨባ አቀለጠው። የጠርሙስ ፋብሪካው የሰው ኃይል ኃላፊ ማይክሮፎኑን አነሣ።

«አያችሁ! ስድሳ አንድ ዓመታቸው ነው! ለጡረታ መዘጋጀትም ይኼው ነው፤ ዲሲፕሊን! በሉ ማስተር፣ ይንገሩልኝ» ብሎ የተተየበ ወረቀት አስያዘው።

ማስተር ክርኑን እያሸ ወረቀቱን አየ። «ትዕግሥት፣ ቁጠባ፣ ራስን መግዛት» ይላል። ደሙ ፈላ። የፋብሪካውን ጥበቃዎች ካራቴ ሲያሠለጥን አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ልምምድ አርፍዶ አያውቅም። የጡረታ መዋጮ ግን የአንድ ወር እንኳ አልተከፈለለትም። ኮንትራቱ በየሦስት ወሩ ስለሚታደስ ሁልጊዜ «አዲስ ሠራተኛ» ነው። ከኋላ የተቀመጡት አሥራ አራት ጥበቃዎችም እንደዚያው። የቀጣዩ ሦስት ወር ኮንትራት ኃላፊው ብብት ሥር ባለው ክላሰር ውስጥ ነው፤ ከንግግሩ በኋላ ይፈረማል ተብሏል። ሚስቱ ጠዋት «ዛሬ እንኳ አፍህን ያዝ፤ በዚህ በሚያምህ ጉልበትህ ሌላ ማን ይቀጥርሃል?» ብላዋለች።

ሊያነብ ጉሮሮውን ጠረገ። ግን ወረቀቱን ዝቅ አደረገና ወደ ኃላፊው ዞረ።

«አንተ፣ ቡናማ ቀበቶ ያሰርኩልህ እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ወር ምን አስተማርኩህ?»

ኃላፊው ሳቀ። «አወዳደቅ ነዋ! ወር ሙሉ ሲያፈርጡኝ ከርመው!»

«ለምን?»

«አወዳደቅ ያልቻለ አይጋጠምም ብለው።»

«ታዲያ እኔን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስታጋጥመኝ፣ የምወድቅበትን ምንጣፍ የት ደበቅኸው?»

ሳቁ ከኃላፊው ፊት ላይ ረገፈ። «ማስተር፣ እሱን ቢሮ እናወራዋለን።»

«አምስቴ አወራን! አምስቴ ሻይ አጠጥተህ ሸኘኸኝ! እነዚህ ልጆች አጥርህን ሲጠብቁ ያረጃሉ፣ አንተ ቁጠባ ትሰብካቸዋለህ። ከምናቸው ይቆጥቡ? ሰነፉስ ማን ነው?»

ኃላፊው ክላሰሩን ከብብቱ አውጥቶ መታ መታ አደረገ። «ኮንትራቱ እኮ ገና አልተፈረመም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ማስተር ክላሰሩን አየ። የሚስቱ ቃል ጆሮው ላይ አቃጨለ። ግን ከኃላፊው ይልቅ በራሱ ተናደደ፤ ዝምታውን ትዕግሥት እያለ ሲያቆላምጥ የኖረው እሱ ራሱ ነበር።

«ጥበቃ!» ብሎ ጮኸ። አሥራ አራቱም ብድግ አሉ። «ሰኞ ልምምድ የለም።»

አንዱ ከኋላ «ማስተር ታመሙ እንዴ?» ሲል ተሰማ።

«ሁለት ሰዓት ላይ የከተማው ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ በር ላይ እንገናኝ፤ አቤት እንላለን። ያላችሁን ኮንትራት በሙሉ ይዛችሁ። አይጥ የበላው ካለም የተረፈውን ያምጣ። ያረፈደ ሃምሳ ፑሽአፕ!»

«እርስዎ ካረፈዱስ?»

«መቶ» አለ ማስተር። ያላነበበውን ወረቀት ኃላፊው የያዘው ክላሰር ላይ አስቀመጠና የሚያመውን ጉልበቱን አስቀድሞ ከመድረኩ ወረደ።